ብሎጉ በካሰች ላይ የተቆለፈ ለታ

ካሰች ፈሪ ናት ቢባል ሐሜት አይሆንም፤ ራሷም አትክደውም። ሊፍት ትፈራለች፣ ውሻ ትፈራለች፣ መብረቅማ አይነሣ። እስራኤል አገር፣ ቂርያት ማላኪ በምትኖርበት ሕንፃ መብራት በጠፋ ቁጥር ቆጣሪውን ራሷ እንደማንሳት ፎቅ ወጥታ ጎረቤቷን ማሪቱን ነው የምትጠራ። እንዲህ ያለች ሴት የሦስት ከተማ ሰው የሚያነበውን ብሎግ በእጇ ይዛ መኖሯ የሚያውቋትን ሁሉ ይገርማል።

ብሎጉ «ሦስቱ ሰፈር» ይባላል። በቂርያት ማላኪ፣ በገዴራና በያቭኔ ያሉት የኛ ሰዎች፣ ቤተ እስራኤሎቹ፣ ማን እንደተዳረ፣ ማን እንደወለደ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ማን እንደሞተና ለቅሶው የት እንደሆነ የሚያዩት እዚያ ላይ ነው። ካሰች ጠዋት ሕፃናት መዋያ ውስጥ በረዳትነት ትሠራለች፤ ከቀትር በኋላ ኮምፒውተሯ ፊት ትቀመጣለች። ትምህርቱን የቀመሰችው ከተማው ለሴቶች ባዘጋጀው ኮርስ ነው፤ የቀረውን ያስተማራት ሳጊ ነው። ሳጊ የያቭኔ ልጅ ነው፤ እዚሁ አገር ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛው ትንሽ የሚያነክስ፣ ኮምፒውተር ላይ ግን ጣቱ የሚበር። ብሎጉን በሰው ቤት በጥገኝነት አላስቀመጡትም፤ በራሳቸው ሰርቨር ላይ ያቆሙት፣ ራሳቸው የሚጠብቁት ነው። ሲበላሽ ታዲያ «ድረሱልን» ብለው የሚጮኹበት ሌላ ሰው የለም፤ ይህም ለካሰች አንድ ተጨማሪ ፍርሃት ሆኖላታል።

የለቅሶው ገጽ የራሱ ሕግ አለው። ሰው ሲሞት ወሬው ቀድሞ የሚደርሰው ለሁለቱ ነው። ፎቶ ይፈልጋሉ፣ ጽሑፉን ያሰናዳሉ፣ ግን በረቂቅ ያስቀምጡታል እንጂ አያወጡትም። ሽማግሌዎች ሄደው፣ የሟቹን ቤተ ዘመድ ሰብስበው፣ አስቀምጠው መርዶውን እስኪነግሩ ድረስ ብሎጉ አፉን ይዘጋል። እናት የልጇን ሞት ከስልክ ላይ አንብባ፣ የሚይዛት ሰው በሌለበት፣ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዋን እንድትወድቅ ማን ይፈቅዳል? የቂርያት ማላኪው ሽማግሌ አባ ወርቅነህ ከዚያው ከለቅሶው ቤት ደጃፍ ይደውሉና «ተረድተዋል፣ አውጪው» ይሏታል። ካሰች ቁልፉን የምትጫን ያኔ ነው፤ እሱንም እየፈራች።

የብሎጉን ገጽታ ለመለወጥ ደግሞ ዓመታት ፈርታለች። ገፋፍቶ ያስጀመራት ታላቅ ወንድሟ ፈንቴ ነው። ፈንቴ ያቭኔ ይኖራል፣ እዚያው ፋብሪካ ይሠራል፤ ከሚስቱ ከተለያየ ቆይቷል፣ ልጅም የለው። ያለችው ካሰች ናት፣ ያለችው ገዴራ የምትኖር እናታቸው ታፈሰች ናት። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ አዲስ ጽሑፍ በወጣ ቁጥር ለእህቱ ይደውላል።

«አንቺ፣ ይሄ ፊደል ነው ወይስ ጉንዳን?» ይላታል። «ማን እንደሞተ ለማወቅ ስልኩን አፍንጫዬ ላይ ልለጥፍ? አሳድጊው እንጂ፣ ያላ!»

«ብነካው ሁሉም ቢጠፋስ?»

«ይጥፋ! ደግሞ ማን ያነበዋል በዚህ ፊደል!»

በዚያ ሐሙስ ከቀትር በኋላ ካሰች ቆርጣ ተቀመጠች። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አቁማ፣ ሳጊን በስልኩ እያነጋገረች፣ አዲሱን ገጽታ መጫን ጀመረች። ባለሙያዎቹ ቴም ይሉታል፤ ሳጊ በዕብራይስጥ «ታብኒት» ነው የሚለው። ቴሙ የውጭ አገር ሰው የሠራው ነውና ገና እንደተጫነ የአማርኛው ፊደል በሙሉ ባዶ ሳጥን ሆነ። ካሰች ደረቷን ያዘች።

«ጠፋ! ሁሉም ጠፋ ሳጊ!»

«ቲራግዒ፣ ካሰች፣ ተረጋጊ። አልጠፋም። ፎንቱ የኛን ፊደል አያውቅም፣ ይሄው ነው። አሁን እናስገባለታለን።»

የግዕዙን ፊደል ፋይል ሰቀለችለት፤ ሳጥኖቹ አንድ በአንድ ወደ ፊደልነት ተመለሱ። ዋናውን ቴም ሳትነካ ከሥሩ «ልጅ ቴም» የሚሉትን አቆመችና ለውጡን ሁሉ እሱ ላይ አደረገች። ዕብራይስጡ ከቀኝ፣ አማርኛው ከግራ እንዲጀምር ስታስተካክል ምናሌው ተገልብጦ ሲያስደነግጣት፣ ሳጊ ሲስቅባት፣ መልሳ ስታቃናው ቆዩ። ለእያንዳንዱ ለውጥ ቅጂ ታስቀምጣለች፤ የቅጂውም ቅጂ አላት።

ከሁሉ ያደከማት የለቅሶው ገጽ ነው። ቴሙ ለሐዘን ብሎ መስቀልና የአበባ ጉንጉን ይዞ መጥቷል፤ ሁለቱም የኛ አይደሉም፣ አወጣቻቸው። ግራጫ ክፈፍ ብቻ አስቀረች፤ ፎቶ፣ ስም፣ ቀብሩ የት፣ ለቅሶው የት። ፊደሉን አሳድጋ አሳድጋ ከወንበሯ ወደ ኋላ ብላ እስኪነበብ አደረሰችው። የሰው ስም ግን ለሙከራ እንኳ አላስገባችበትም። በሕይወት ያለ ሰው ስም በዚያ ክፈፍ ውስጥ መጻፍ በሷ ቤት ክፉ መጥራት ነው፤ «ስም፣ ስም፣ ስም» እያለች ነው የሞከረችው።

«አሁን ፈንቴ ምን ሰበብ ሊያገኝ ነው?» አለች ደስ ብሏት።

ሳጊ ሳቀ። ወዲያው ሌላ ሰው ሲደውልለት ተሰማ። «ሬጋዕ፣ አንዴ፣ እመለሳለሁ» ብሎ ዘጋ።

አልተመለሰም። ካሰች ጥቂት ጠበቀችውና ብቻዋን ቀጠለች። የርእሱን ቀለም መርጣ «አስቀምጥ» የሚለውን ስትጫን ገጹ ከፊቷ ጠፋና የመግቢያው ሳጥን መጣ። ስሟን ጻፈች፣ የይለፍ ቃሏን ጻፈች። የይለፍ ቃሉ ትክክል አይደለም አላት። ዓይኗን አሽታ፣ ፊደል በፊደል እየቆጠረች ደግማ ጻፈች። አሁንም አይደለም አላት።

ሌባ ገባ አለች። ቴሙን ከየትም አምጥቼ ጭኜ በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ፤ አሁን የሙታኑ ፎቶ ላይ ስድብ ይለጥፋል፣ የሦስት ከተማ ሰው ፊት ምን ብዬ እቆማለሁ አለች። ሳጊ ዘንድ ደወለች፤ አያነሣም። ደግማ ደወለች፤ አያነሣም። ከዚያ መልእክት መጣ።

«ካሰች፣ የቀየርኩት እኔ ነኝ። ታሕዙቃ፣ ጥገና እየሠራሁ ነው። አሁን አትግቢ፣ ዛሬ እረፊ። ቤሰደር፣ እሺ?»

የሌባው ፍርሃት ለቀቃት። ግን በእሱ ቦታ ሌላ ፍርሃት ገብቶ ተቀመጠ፤ ይኸኛው ቀስ ብሎ ነው የገባ። ሳጊ «እረፊ» የሚል ልጅ አይደለም። ጥገና ሲሠራ እሷን አስቀምጦ፣ እያሳየ፣ እየቀለደ ነው የሚሠራ። መልእክቱን እንደገና አነበበችው። ቃሉን ታውቀዋለች። እንዴት አታውቀው፣ ዓምና ራሷ ጽፋው!

ዓምና የሳጊ አያት ሲሞቱ ነው። ሽማግሌዎቹ ለሳጊ ቤተሰብ እስኪነግሩ ድረስ ልጁ ብሎጉን ከፍቶ የአያቱን ፎቶ በረቂቁ ውስጥ እንዳያይ ካሰች ተጨነቀች። የሟች ዘመድ ስልክ በሰበብ አስባብ ይወሰድ የለ? ይህም ያው ነው ብላ የይለፍ ቃሉን ቀየረችበትና «ጥገና አለ፣ ዛሬ አትግባ፣ እረፍ» ብላ ላከችለት። ሽማግሌዎቹ ኋላ ሲሰሙ አመሰገኗት። ከዚያ ወዲህ ደንብ ሆነ፤ ሞቱ ከሁለታቸው የአንዱ ሲሆን ሌላው በሩን ይዘጋበታል።

አሁን በሩ የተዘጋ በእሷ ላይ ነው።

«የኔ ሰው ነው» አለች ካሰች፣ ድምፅ ሳታወጣ። የወንበሩን ክንድ ይዛ ተነሣች፤ ተመልሳ ተቀመጠች።

መጀመሪያ የደወለች ለልጇ ለሊኖር ነው። ሊኖር ወታደር ናት። ስልኩ እየጠራ ሳለ ካሰች ራሷን ትከራከራለች፤ ወታደር ቢሆን እኮ በር የሚያንኳኩ መኮንኖች ናቸው፣ ሽማግሌዎች አይደሉም፤ ሳጊም አይሰማም፣ ብሎጉም አይቆለፍ፤ ሊኖር አይደለችም፣ አይደለችም።

«እማ? ማ ቃራ? ምን ሆንሽ? ሥራ ላይ ነኝ።»

«ምንም፣ የኔ ልጅ። ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው።»

«ኧረ እማ! አስደነገጥሽኝ። ማታ እደውልልሻለሁ፣ ቤሰደር?»

ዘጋች። ካሰች ስልኩን ሳመችው። ከዚያ ገዴራ፣ እናቷ ዘንድ ደወለች። ስልኩ ዝግ ነው። ታፈሰች ስልኳን ዘግታ አታውቅም፤ መዝጋቱንም አትችልበትም። ሌላ ሰው ነው የዘጋው። አንድም ታፈሰችን ከወሬ ለመጠበቅ፣ አንድም ታፈሰች ራሷ ስለሌለች።

ፈንቴ ዘንድ ደወለች። ይጠራል፣ ይጠራል፣ አያነሣም። ፈረቃ ላይ ከሆነ ስልኩን ልብስ መቀየሪያው ሳጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ሁልጊዜም ነው አለች። ዛሬ ፈረቃው የቱ እንደሆነ ግን አታውቅም።

«እግዜር ሆይ፣ እናቴን አታድርግብኝ» ብላ ለመነች። እጇን ዘርግታ፣ ከልቧ ለመነች። ከጨረሰች በኋላ ነው ምን እንደለመነች የገባት። እናቷ ካልሆነች ማን ሊሆን ነው? አፏን በመዳፏ ያዘች። «አይ፣ ፈንቴንም፣ ፈንቴንም አታድርግብኝ» ብላ ለማረም ሞከረች፤ ግን አንዴ ተናግራዋለች። በዕድሜዋ ከፈራችው ሁሉ ያንን ልመና የፈራችውን ያህል የፈራችው የለም።

በሩ ተንኳኳ። ማሪቱ ናት።

«እንዴት ዋልሽ ካሰችዬ? ብቻዬን ደበረኝና አብሬሽ ልቀመጥ ብዬ መጣሁ።»

ማሪቱ ሐሙስ ከቀትር በኋላ የሰንበቱን ምግብ ስታሰናዳ እንኳን ሊደብራት መቀመጫም አታገኝ። ነጠላ ለብሳለች። ዓይኗ ከካሰች ፊት ላይ አያርፍም።

«ስልክሽን አንዴ ስጪኝማ፤ የኔ ባትሪው አልቋል፣ ለልጄ ልደውልለት።»

ካሰች ሰጠቻት። ማሪቱ ለማንም አልደወለችም። ስልኩን ኪሷ ከትታ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ሰፈሩ አውቶቡስ መዘግየት ታወራ ጀመር። «ማነው የሞተው?» የሚለው ጥያቄ ካሰች ምላስ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ማሪቱ አትናገርም፤ ብትናገር ሽማግሌ ቀድማ መርዶ ያወጣች ሴት ተብላ ዘመኗን ሁሉ ስትወቀስ ትኖራለች። ጎረቤቷን እዚያ ውስጥ ማስገባት ግፍ ነው። ደግሞም መልሱን ከሰው አፍ ለመስማት ፈራች።

ኮምፒውተሩን ግን ማንም አልወሰደባትም። ማሪቱ የሚያስፈራው ስልክ ብቻ ነው የሚመስላት። ሳጊም በሩን ቆልፌአለሁ ብሎ ተማምኗል። ብሎጉ ግን በራሳቸው ሰርቨር ላይ ያለ ነውና ከፊቱ በር ሌላ የኋላ በር አለው። ጥቁር መስኮት ይከፈታል፣ ትእዛዝ ይጻፋል፣ ሰርቨሩ ውስጥ ይገባል፤ እዚያ የገባ ሰው የማንንም የይለፍ ቃል መቀየር ይችላል። የዚያ በር ቁልፍ ካሰች ኮምፒውተር ላይም አለ። ሳጊ አንድ ጊዜ አስተምሯት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ነክታው አታውቅም፣ አንድ ፊደል ብሳሳት ሁሉንም አጠፋዋለሁ ብላ። ሳጊ ይህን ያውቃል። ፍርሃቷ ይበቃታል፣ ሌላ ቁልፍ አያስፈልግም ብሎ ነው የተወው።

መጠበቅ ነበረባት። መርዶ ለምን በሰው መካከል እንደሚነገር ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ግን ሁለት ሰው በልቧ ይዛ፣ አንዱን በሌላው እየለወጠች መቀመጥ አልቻለችም። ጥቁሩን መስኮት ከፈተች።

«ሥራ ነው?» አለች ማሪቱ።

«ሥራ ነው።»

ትእዛዙን ጻፈች፣ ተሳሳተች፣ ደምስሳ ጻፈች። ገባች። ለራሷ አዲስ የይለፍ ቃል ሰጠች፣ ወደ ፊቱ በር ተመለሰችና ከፈተችው። ረቂቆቹ ውስጥ አንድ አዲስ ጽሑፍ አለ፣ ርእስ አልተሰጠውም። ሳጊ ርእሱ ላይ ስም መጻፍ ከብዶት ይሆናል። ጣቷን ጽሑፉ ላይ አድርጋ ቆየች፤ አሁንም ተነሥቼ መሄድ እችላለሁ አለች። ከዚያ ተጫነችው።

መጀመሪያ ግራጫው ክፈፍ መጣ። ቀጥሎ ፎቶው መጣ፤ ባለፈው የሲግድ በዓል ኢየሩሳሌም ላይ ራሷ ያነሣችው ነው፣ ፀሐይ ፊቱ ላይ አርፎ ዓይኑን ጨፈን አድርጓል። ከሥሩ በትልልቁ ፊደል ስሙ ነበር፣ ፈንቴ።

መጀመሪያ የተሰማት እፎይታ ነው፤ መደበቅ አያስፈልግም። «እናቴ አለች» አለ ልቧ። ወዲያው እፎይታው ራሱ አስደነገጣት፣ ከዚያ ወንድሟ መጣባት። አባታቸው ከሞተ በኋላ ትምህርት ቤት በወላጅ ቦታ የሚመጣላት እሱ ነበር። የመምህሯ ዕብራይስጥ አንዱም ሳይገባው ራሱን እየነቀነቀ ይቀመጥና፣ ሲወጡ «ጎበዝ ናት አለችኝ» ይላታል። ፈንቴ፣ የፊደሉን መጠን ያሳደገችለት ሰው፣ አንድ ቀን እንኳ ሳያነብበት።

ጩኸቱ ከሆዷ ተነሥቶ ጉሮሮዋ ደረሰ። አልለቀቀችውም። እዚህ ብትጮኽ ሕንፃው ሁሉ ይሰማል፤ ሕንፃው ከሰማ በየስልኩ ይሄዳል፤ ገዴራ ደግሞ ቅርብ ነው። የእናቷ ስልክ የተዘጋው ለዚህ ነበር፤ ታፈሰች አልሰማችም። አንድ ሰው አጠገቧ ተቀምጦ እንደ ማሪቱ ስለ ሙቀቱ እያወራላት ነው። ይህ ጩኸት ከሽማግሌዎቹ ቀድሞ እናቷ ጆሮ ከደረሰ፣ የገደልኳት እኔ ነኝ አለች ካሰች። ወንድሟን የማዳን ነገር አልፏል፤ በእጇ የቀረው ይኸው ነው።

ኮምፒውተሩን ከደነች።

«ምነው?» አለች ማሪቱ።

«ዓይኔ ደከመ።»

መታጠቢያ ቤት ገባች፣ ውሃውን ከፈተች፣ ፎጣውን ነክሳ አለቀሰችበት። ድምፅ እንዳይወጣት ፎጣውን እስከ ጉሮሮዋ ልትከተው ምንም አልቀራትም። ከዚያ ፊቷን ታጥባ ወጣች። ወንበሮቹ ላይ የተቆለለውን ልብስ አንሥታ መኝታ ቤት ወሰደች፤ ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳ አስጠጋች። ማሪቱ ወንበሮቹን አየች፣ ካሰችን አየች፣ ስለ አውቶቡሱ ማውራቷን አቆመች።

የመኪና ድምፅ ሲሰማ ካሰች በመስኮቱ አየች። አባ ወርቅነህ ከዘራቸውን ይዘው ወረዱ። ሌሎች ሽማግሌዎች ተከተሏቸው። ሳጊ መጨረሻ ላይ ነው፣ አንገቱን ደፍቷል። ከዚያ የኋላው በር ተከፈተና ሁለት ሴቶች እናቷን ደግፈው አወረዷት።

ካሰች መስኮቱን ያዘች። እዚህ አገር ቀብር አይዘገይም፤ ነገ ዓርብ ነው፣ ሰንበት ሳይገባ መቀበር አለበት። ሽማግሌዎቹ እናትና ልጅ አንድ ላይ ይረዱ ብለው ነው ያመጧት። ምን ብለው እንዳመጧት ደግሞ ከእናቷ አካሄድ ታየ፤ ታፈሰች እግሯ እየከዳትም ትሮጣለች፣ ደጋፊዎቿን ትጎትታለች። ካሰች አሟታል ብለዋታል።

በሩን ካሰች ራሷ ከፈተችው።

«ልጄ!» አለች ታፈሰች ገና ከደጃፉ። «ቆመሻል? በእግርሽ ቆመሻል?» ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ አገላበጠችው፤ ግንባሯን ሳመች፣ ጉንጯን ሳመች፣ ትከሻዋን እየዳበሰች ሳመች። «አሟታል አሉኝ እኮ! ስልኬንም ወሰዱብኝ። እኔማ ሙታብኝ ነው ይዘውኝ የሚሄዱ ብዬ፣ መንገዱን ሁሉ ነፍሴ አልነበረችም!»

«ደህና ነኝ እማዬ።»

«ተመስገን! ተመስገን አምላኬ! ልጆቼን አተረፍክልኝ!»

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። ማሪቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሳጊ ከደጃፉ አልገባም፤ ካሰችን አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አያት፣ ማወቋንም ከዓይኗ አየ። ካሰች ራሷን በትንሹ ነቀነቀችለት፣ ዝም በል እንደማለት።

«ነይ እማዬ፣ ቁጭ በይ። ደክሞሻል።»

ሶፋው ላይ አስቀመጠቻት። ከጎኗ ተጠግታ ተቀመጠች፣ አንድ ክንዷን በወገቧ አዙራ፣ ሁለቱንም እጆቿን በአንድ እጇ ሰብስባ ያዘቻቸው፤ ሴቶች መርዶ የሚነገራትን ሴት ፊቷን እንዳትቧጥጥ፣ ራሷን መሬት ላይ እንዳትጥል እንደሚይዟት አድርጋ። ታፈሰች ገና ከደስታዋ አልወጣችም፤ እንባዋ እየወረደ ትስቃለች።

«ምነው አጠበቅሽኝ ልጄ? የትም አልሄድብሽ እኮ!»

ካሰች አልለቀቀቻትም። ቀና ብላ አባ ወርቅነህን አየቻቸው።

«ይንገሩን፣ አባ» አለች።